ሱስ፦ ምንነቱ፣ አሠራሩና ጉዳቱ በጫት አብነት

የሱስ ምንነት

ሱስ ማለት አንድ ሰው የሚጠቀመው ንጥረ ነገር ጤናውን፣ ኑሮውን ወይም ቤተሰቡን እየጎዳው መሆኑን እያወቀ ለማቆምም ሆነ ለመቀነስ ሲያቅተው የሚፈጠር የጤና እክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ሱስን በሦስት ምልክቶች ይለየዋል። የመጀመሪያው፣ ንጥረ ነገሩ መቼና ምን ያህል እንደሚወሰድ መቆጣጠር አለመቻል ነው። ሁለተኛው፣ ንጥረ ነገሩ ከሥራ፣ ከጤናና ከቤተሰብ ቀድሞ የኑሮ ማዕከል መሆኑ ነው። ሦስተኛው አካላዊ መላመድ ሲሆን፣ መጠኑን እየጨመሩ መሄድንና ሲቋረጥ የሚመጣውን ሕመም ያጠቃልላል።

ሱስ አለ የሚባለው ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ተደጋግመው ሲታዩ ነው። ጧት ቡና ሳይጠጣ ሲቀር ራሱን የሚያመው ሰው ሦስተኛው ምልክት አለበት። ይሁን እንጂ ለቡና ሲል ደመወዙን ካልጨረሰ፣ ሥራውን ካልተወና ልጆቹን ካልረሳ ሁኔታው ልማድ ነው። ልማድንና ሱስን የሚለየው ሰውየው በራሱ ላይ የቀረው የመወሰን አቅም ነው።

ሱስ የሚያስይዙ ንጥረ ነገሮች በሥራቸው በሦስት ይከፈላሉ፦ እንደ ጫት፣ ኮኬይንና ኒኮቲን ያሉ አነቃቂዎች፤ እንደ አልኮል፣ የእንቅልፍ መድኃኒቶችና ሄሮይን ያሉ አደንዛዦች፤ እንዲሁም እንደ ሐሺሽ ያሉ ስሜትንና ግንዛቤን የሚያዛቡ። በዚህ ማብራሪያ ጫት በአብነት ተወስዷል። ጫት በኢትዮጵያ የሚበቅል፣ በሕግ ያልተከለከለና በየመንደሩ የሚሸጥ በመሆኑ፣ ሱስ እንዴት በዝግታና ሳይታወቅ እንደሚያድግ በግልጽ ያሳያል።

በአንጎል ውስጥ የሚካሄደው ለውጥ

እ.ኤ.አ. በ1954 ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሠሩትን ሙከራ ይፋ አደረጉ። በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ አይጧ አንድን ማንሻ በተጫነች ቁጥር አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲደርሳት አደረጉ። ሽቦው በተወሰኑ የአንጎል ክፍሎች ላይ ሲያርፍ አይጦቹ ማንሻውን ያለማቋረጥ ይጫኑ ነበር። አንጎል አንድ ድርጊት እንዲደገም የሚገፋፋ የራሱ ሥርዓት እንዳለው ከዚህ ሙከራ ታወቀ፤ ሥርዓቱም የሽልማት ሥርዓት ተብሎ ተሰየመ።

የሽልማት ሥርዓት ዋና መልእክተኛ ዶፓሚን (የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል) ነው። የተራበ ሰው ሲበላ፣ የተጠማ ሲጠጣ፣ የናፈቀ ወዳጁን ሲያገኝ ዶፓሚን ይለቀቃል፤ አንጎልም ያንን ድርጊት ለኑሮ አስፈላጊ እንደሆነ መዝግቦ ይይዛል። ሱስ አስያዥ ንጥረ ነገሮች ይህንኑ መንገድ ተጠቅመው ምግብና ጨዋታ ከሚያስለቅቁት የበለጠ ዶፓሚን እንዲለቀቅ ያደርጋሉ። አንጎል ድርጊቱን የሚመዘግበው ብቻውን አይደለም። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ሽታውንና አብረው የነበሩትን ሰዎች ጭምር ይይዛል። ካቆመ ብዙ ወር የሆነው ሰው የቀድሞ የመቃሚያ ቤቱን በር ሲያይ ድንገት ልቡ የሚሸፍተው ለዚህ ነው።

አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል ከልክ በላይ የሆነውን መልእክት እየቀነሰ ይቀበላል። በዚህም የተነሣ የቀድሞው መጠን የቀድሞውን ስሜት መስጠት ያቆማል፤ ተራው የኑሮ ደስታም ይደበዝዛል። ግፊትን የሚገታውና የነገን የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ በተደጋጋሚ መጠቀም ይዳከማል። በመጀመሪያ ለደስታ ይወሰድ የነበረው ንጥረ ነገር ከጊዜ በኋላ የሚወሰደው ሕመምን ለማስታገስ፣ እንደ ሌላው ሰው ሆኖ ለመዋል ብቻ ነው። ሱስን ለመረዳት ከሁሉም በላይ ሊጨበጥ የሚገባው ይህ ሽግግር ነው።

ጫትን አነቃቂ የሚያደርገው ነገር

ጫት በኢትዮጵያ ረጅም ዘመን ያስቆጠረ ተክል ነው፤ ስለ ዓፄ ዓምደ ጽዮን የ14ኛው ክፍለ ዘመን ዘመቻ የሚተርከው ዜና መዋዕልም ይጠቅሰዋል። ካታ ኤዱሊስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስሙን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ የሞተው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፒተር ፎርስኮል ነው። ተክሉ በብዛት የሚለማው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ቦታዎችና በየመን ነው።

በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ የሠሩ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1975 ከለጋ የጫት ቅጠል ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ካቲኖን በአሠራሩም ሆነ በኬሚካል ቅርጹ ለአምፌታሚን (በፋብሪካ ለሚመረት ኃይለኛ አነቃቂ) በጣም የቀረበ ነው። የነርቭ ሕዋሳት ያከማቹትን ዶፓሚን እንዲለቁ ያደርጋል፤ የልብ ምትን ያፈጥናል፤ እንቅልፍንና ረሃብን ያርቃል።

ካቲኖን ግን በቅጠሉ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ጫቱ ከተቀነጠሰ በኋላ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ አብዛኛው ካቲን ወደሚባል ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። የጫት ንግድ ጥድፊያ የሚመነጨው ከዚህ ኬሚካላዊ ባሕርይ ነው። ቅጠሉ እንዳይጠወልግ በኮባ ይጠቀለላል፤ ነጋዴው ሌሊቱን ያድራል፤ ሹፌሩ ይከንፋል፤ ከአወዳይ ገበያ የሚነሣው ጫትም ሳይጠወልግ ወደ ሶማሌላንድና ወደ ጅቡቲ ለመድረስ ይጣደፋል። ቃሚውም ጫት ገዝቶ ለሳምንት ማስቀመጥ ስለማይችል በየቀኑ ወደ ገበያ ይመለሳል።

ከበርጫ እስከ ዱካክ ያለው ዑደት

በርጫ (በኅብረት ተቀምጦ የመቃም ሥርዓት) አብዛኛውን ጊዜ ከምሳ በኋላ ይጀመራል። ፍራሽ ይነጠፋል፤ እጣን ይጨሳል፤ ውሃ፣ ሻይና ለውዝ ይቀርባል። ለጋው ቅጠል እየተቀነጠበ ይታኘክና በአንድ ጉንጭ ሥር ይጠራቀማል፤ ጭማቂው ቀስ በቀስ ይዋጣል። ንጥረ ነገሩ ወደ ደም የሚገባው በዝግታ ስለሆነ በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ምርቃና ይመጣል፦ ጨዋታው ይደራል፤ ሐሳብ ይጎርፋል፤ የማይቻል ነገር ያለ አይመስልም። ቀጥሎ ዝምታ ይሰፍናል፤ ሁሉም በየራሱ ሐሳብ ይሄዳል። አመሻሹ ላይ መነጫነጭና መከፋት ይከተላሉ፤ ምግብም እንቅልፍም እምቢ ይላሉ።

ይህን መጨናነቅ ለማስታገስ አንዳንዶች ወደ መጠጥ ቤት ያመራሉ። ምርቃናን በአልኮል መስበር ጨብሲ ይባላል። አነቃቂው የወጠረውን አካል አደንዛዡ ስለሚያላላው ለጊዜው እፎይታ ይሰጣል። ሆኖም አልኮል ራሱ ሱስ አስያዥ በመሆኑ አንዱ ሱስ ሌላውን ይወልዳል። በጫት ላይ ሲጋራና ሺሻ ሲጨመሩ ደግሞ ሰውየው በአንድ ጊዜ የሦስትና የአራት ንጥረ ነገሮች ጥገኛ ይሆናል።

በማግሥቱ ጧት ድካም፣ ድብርትና ሐራራ (ብርቱ የመቃም ፍላጎት) ይነሣሉ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ኢጀበና የሚባለው የጧት ጫት ይህንን ለማባረር የሚቃም ነው። ሳይቅም የዋለ ሰው ሌሊት የሚያስጨንቅ ቅዠት ያያል፤ ይህም ዱካክ ይባላል። ዱካክን ሳይቅም የቀረውን ሰው የሚቀጣ መንፈስ አድርገው የሚቆጥሩ አሉ። ሳይንሱ እንደሚያስረዳው አነቃቂ ንጥረ ነገር ሲቋረጥ፣ ታፍኖ የቆየው ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል በብዛት ይመለሳል፤ ሕልሙም ይበዛል፤ ይደምቃልም። ዱካክን ፈርቶ የሚቅም ሰው ከደስታ ወደ ማስታገሻ የተደረገውን ሽግግር ጨርሷል።

የአንዱ ልማድ፣ የሌላው ሱስ የሚሆንበት ምክንያት

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከወንዶች 27 ከመቶ፣ ከሴቶች 12 ከመቶ ያህሉ ጫት ቅመው ያውቃሉ። ሥርጭቱ ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ የቡታጅራ አካባቢ ጥናት ከአዋቂዎቹ ግማሽ ያህሉ በወቅቱ ይቅሙ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ግን ሱስ የያዘው የተወሰነው ነው። በሐረርጌ ገበሬው ከእርሻ ሥራ በፊት ጥቂት ቅሞ ይወጣል፤ በዱዓ (የጸሎት) ሥርዓት ላይም ጫት ይቀርባል። እነዚህ ልማዶች ሰዓትና ልክ አላቸው፤ የሚጠብቃቸውም ማኅበረሰቡ ነው።

ተጋላጭነትን ከሚወስኑት አንዱ ዘር ነው። በመንትዮችና በቤተሰቦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ለሱስ ያለው ተጋላጭነት ግማሽ ያህሉ ከወላጅ በሚወረስ ባሕርይ ይወሰናል። ሌላው ዕድሜ ነው። የፊተኛው የአንጎል ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው በ25 ዓመት ገደማ ስለሆነ በጉርምስና የጀመረ ሰው በሱስ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። ድብርት፣ ጭንቀትና በልጅነት የደረሰ በደል ያለባቸው ሰዎችም ንጥረ ነገሩን እንደ መድኃኒት ስለሚጠቀሙበት ቶሎ ይያዛሉ።

የአካባቢ ሁኔታ እነዚህን ሁሉ ያባብሳል ወይም ያለዝባል። ሥራ አጥነት ቀኑን ባዶ ያደርገዋል፤ ባዶውን ቀን በርጫው ይሞላዋል። መቃሚያ ቤት ከትምህርት ቤት አጥር አጠገብ ሲከፈት ለመጀመር የሚወስደው ጊዜ ያጥራል። ስለዚህ ሱስን የአንድ ሰው የጠባይ ጉድለት አድርጎ ማየት ዘርን፣ ዕድሜን፣ ቁስልንና ሰፈርን መዝለል ይሆናል።

በአካልና በአእምሮ ጤና ላይ የሚደርሰው ጉዳት

ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ለረጅም ጊዜ በብዛት በሚቅሙ ሰዎች ላይ ለልብ ድካምና ለድንገተኛ የልብ ሕመም የመጋለጥ አደጋው ይጨምራል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን (አፍን የሚያደርቅ ጎምዛዛ ንጥረ ነገር) ጨጓራን ያስቆጣል፤ የሆድ ድርቀትንም ያስከትላል። ቅጠሉ ዘወትር የሚከማችበት ጉንጭና ድድ ይቆስላል፤ ጥርስም ይበልዛል። የምግብ ፍላጎት ስለሚጠፋ ሰውነት ይከሳል። ነፍሰ ጡር ሴት ስትቅም ሕፃኑ ክብደቱ ዝቅ ብሎ ሊወለድ ይችላል። በቅጠሉ ላይ የተረጨ ጸረ ተባይ መድኃኒት ሳይታጠብ መዋጡም ሌላ አደጋ ነው።

በአእምሮ ላይ ቀድሞ የሚታየው የእንቅልፍ መዛባት ነው። እንቅልፍ ያጣ አንጎል ቁጡ፣ ዝንጉና ተጠራጣሪ ይሆናል። መጠኑ ሲበዛና ቀናቱ ሲከታተሉ፣ በተለይም ተጋላጭ በሆኑ ሰዎች ላይ፣ ሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ መስማትና ሰዎች ሊጎዱኝ ያሴራሉ ብሎ በጽኑ ማመን) ሊከሰት ይችላል። ይህ የሚሆነው ከልክ ያለፈ ዶፓሚን ተራውን ነገር ሁሉ ልዩ ትርጉም ያለው ስለሚያስመስለው ነው። የጎረቤት ሳል ምልክት፣ የመንገደኛ ዕይታም ዛቻ መስሎ ይታያል።

ቀድሞ እንዲህ ያለ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ችግሩ እጥፍ ይሆንባቸዋል። የሕመሙ መድኃኒት የዶፓሚንን ሥራ ለመቀነስ ሲሞክር ጫቱ በተቃራኒው ያበዛዋል። በዚህም መድኃኒቱ የሚጠበቅበትን ያህል አይሠራም፤ ሕመሙም ይመላለሳል።

በቤተሰብና በሥራ ላይ የሚደርሰው ጉዳት

ጉዳቱ በቤት ውስጥ በመጀመሪያ የሚታየው በገንዘብና በጊዜ ነው። በቀን ሥራ የሚተዳደር አባወራ ከዕለት ገቢው ለአንድ ዙርባ (እስር) ጫት፣ ለውሃና ለሲጋራ ሲያወጣ የሚጎድለው ከዳቦና ከደብተር ነው። ከዚያ ከሰዓት በኋላው በሙሉ በበርጫ፣ ምሽቱ በጨብሲ ያልፋል። ገንዘቡ ሲያልቅ ብድር፣ ብድሩ ሲከማች የቤት ዕቃ መሸጥ ይመጣል። በመጨረሻም ሌሎች ለጋውን ቅመው የተዉትን ገራባ (ለፍየል የሚጣለውን ግንድና አሮጌ ቅጠል) እስከ መልቀም የሚደርሱ አሉ።

ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ ሁኔታውን ይደብቃል። እናት ዕዳውን ትከፍላለች፤ ሚስት ለመሥሪያ ቤቱ አሞታል ብላ ትደውላለች፤ ልጆች ዝም ማለትን ይማራሉ። ይህ ከፍቅር የሚመነጭ ሽፋን ጉዳቱ ለራሱ ለታማሚው እንዳይታየው ስለሚያደርግ ሕክምና የሚጀመርበትን ጊዜ ያዘገያል።

በሥራና በትምህርት ላይ ያለው ጉዳት ከአነቃቂዎች ባሕርይ የሚመጣ ነው። ጫት የድካምን ስሜት ይሸፍናል እንጂ ድካሙን አያስወግድም። ሌሊት የሚነዳ ሹፌር ነቅቶ የቆየ ቢመስለውም ንጥረ ነገሩ ከደሙ ሲቀንስ የተጠራቀመው እንቅልፍ በድንገት ይጥለዋል። ለፈተና ሌሊቱን በምርቃና የሚያነብ ተማሪም ብዙ ገጽ ይገልጣል፤ ይሁን እንጂ የተነበበው በማስታወስ ክፍል ውስጥ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ እንቅልፉን ሲያጣ ያነበበውንም ያጣል።

በማኅበረሰብ፣ በእርሻና በውሃ ላይ የሚደርሰው ተጽዕኖ

ሱስ በማኅበረሰብ ደረጃ ጉዳቱ ከጥቅም ጋር ተጠላልፎ ይገኛል። ለገበሬው ጫት ከቡናና ከእህል የተሻለ ገቢ ያስገኛል። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይለቀማል፤ ድርቅን ይቋቋማል፤ በትንሽ ማሳ ላይ ይበቅላል። በሐረርጌ፣ በሲዳማ፣ በጉራጌና በባሕር ዳር ዙሪያ ብዙ ቤተሰብ በጫት ልጆቹን አስተምሯል፤ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። አገሪቱም ከጫት ንግድ የውጭ ምንዛሪና ግብር ታገኛለች።

የዚህ ገቢ ሌላኛው ገጽ በመሬትና በውሃ ላይ ይታያል። የእህል ማሳ ወደ ጫት ሲለወጥ ገበሬው ምግቡን ከገበያ ገዥ ይሆናል፤ የጫት ዋጋ በወደቀ ወይም የጎረቤት አገር ድንበር በተዘጋ ቀን የቤተሰቡ ማዕድ ይናጋል። በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ነበር። ለመድረቁ ሐይቁ በደለል መሞላቱ፣ የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ከእርሱ መሳቡና በዙሪያው ያለው የጫትና የአትክልት መስኖ በአንድነት ምክንያት ሆነዋል።

ማኅበረሰቡ የሚያጣው ሌላው ነገር የሰው ጉልበት ነው። በሥራ ሰዓት ባዶ የሚሆኑ ወንበሮች፣ በትራፊክ አደጋ የሚቀጠፉ ሕይወቶች፣ በአእምሮ ሕክምና ክፍሎች የሚያዙ አልጋዎችና ከትምህርት የሚቀሩ ወጣቶች በአንድ ደረሰኝ ላይ ተደምረው አይቀርቡም። ገቢው በየወሩ ሲቆጠር ወጪው በየቤቱ ተበትኖ ይቀራል። ጉዳቱ ከገቢው ያነሰ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉ የሚለው

በኢትዮጵያ ጫትን ማምረት፣ መሸጥና መቃም በሕግ አልተከለከለም፤ መንግሥት ኤክሳይዝ ታክስ (በተወሰኑ ምርቶች ላይ የሚጣል ልዩ ግብር) ይሰበስብበታል። በሌላ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አደንዛዥ ዕፆችን ማምረት፣ ማዘዋወርና መጠቀም ያስቀጣል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ሺሻን ይከለክላል፤ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች ትምባሆና አልኮል እንዳይሸጥ፣ አልኮልም በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ያዛል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ሕጉ ቅጠሉንና ንጥረ ነገሩን ለይቶ ያያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ጫትን የሥነ ልቦና ጥገኝነት ሊያስከትል ከሚችሉ ንጥረ ነገሮች መደበው። ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች (በአእምሮ ላይ ለውጥ የሚያመጡ ንጥረ ነገሮች) ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መካከል ነው፤ ቅጠሉ ራሱ ግን በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ከዚህ የተነሣ የአገሮች ሕግ ይለያያል። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ብሪታኒያ በ2014 ጫትን ከልክለዋል። በአሜሪካ ካቲኖን በጥብቅ የተከለከለ በመሆኑ ለጋ ጫት ይዞ መገኘት በወንጀል ያስጠይቃል፤ በሳዑዲ ዓረቢያም ቅጣቱ ከባድ ነው። በእስራኤል ለጋው ቅጠል ሲፈቀድ፣ ከካቲኖን ተዘጋጅቶ ሐጊጋት በሚል ስም በየሱቁ ይሸጥ የነበረው እንክብል እ.ኤ.አ. በ2004 ታግዷል። ልዩነቱ ምክንያት አለው። ቅጠል በሰዓታት ውስጥ በዝግታ የሚሰጠውን እንክብሉ በደቂቃዎች ያደርሰዋል፤ ንጥረ ነገሩ ወደ አንጎል በፈጠነ መጠን ደግሞ ሱስ የማስያዝ ኃይሉ ይጨምራል።

የሕክምናው ሂደት

ሕክምናው በምርመራ ይጀምራል። ባለሙያው ሰውየው የሚጠቀማቸውን ንጥረ ነገሮች ሁሉ፣ መጠናቸውንና አብሮ ያለ የአእምሮ ሕመም መኖሩን ይለያል። ቀጣዩ የማቆም ሕመምን መቆጣጠር ነው። አልኮልን ወይም የእንቅልፍ መድኃኒትን ለረጅም ጊዜ በብዛት የተጠቀመ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታና መቃዠት ሊነሣበት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ማቆሙ በሐኪም ክትትል መሆን አለበት። ጫትን ማቆም ለሕይወት የሚያሰጋ አካላዊ ሕመም ባያመጣም፣ የሚከተለው ድብርት ጥብቅ ክትትል ያስፈልገዋል።

ለጫት ሱስ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም፤ ዋናው ሕክምና የምክር አገልግሎት ነው። አንደኛው ስልት፣ ለማቆም የሚያነሣሣውን ምክንያት ታማሚው ራሱ እንዲያወጣው የሚረዳ ውይይት ነው። ሌላው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ሲሆን፣ ሐራራን የሚቀሰቅሱ ሁኔታዎችን ለይቶ ምትክ ድርጊት ማለማመድን ይመለከታል። ከምሳ በኋላ ሐራራ የሚነሣበት ሰው ያንን ሰዓት በሥራ፣ በስፖርት ወይም በቤተሰብ ጉዳይ እንዲሞላ፣ ደመወዝ በሚቀበልበት ቀን ገንዘቡን ለሚያምነው ሰው እንዲያስረክብ ይደረጋል። በአዲስ አበባ እንደ አማኑኤልና ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ ሆስፒታሎች የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ብዙ ቤተሰብ አስቀድሞ ወደ ጸበል ወይም ወደ ሌላ የእምነት ቦታ ይሄዳል። የእምነት ድጋፍና ሕክምናው ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ፤ አደገኛ የሚሆነው የታዘዘ መድኃኒትን ማቋረጥ ነው።

ማገርሸት (ካቆሙ በኋላ ተመልሶ መጀመር) የሕክምናው መክሸፍ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከሱስ ሕክምና በኋላ የሚያገረሽባቸው ከ40 እስከ 60 ከመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ ይህም በደም ግፊትና በአስም ታማሚዎች ላይ ከሚታየው ጋር ተቀራራቢ ነው። የደም ግፊቱ የጨመረ ሰው መድኃኒቱ ተስተካክሎለት ሕክምናውን ይቀጥላል። ሱስ ያገረሸበት ሰውም ምን እንደቀሰቀሰበት ተጠንቶ ሕክምናው እንደገና ይቀጥላል።

የቤተሰብ፣ የትምህርት ቤትና የመንግሥት ድርሻ

ስድብና ማግለል ሱስን አያድኑም፤ ምክንያቱም ከአሠራሩ መረዳት ይቻላል። ሱስ የያዘው ሰው ንጥረ ነገሩን የሚወስደው ጭንቀትን ለማስታገስ ከሆነ፣ ጭንቀትን የሚጨምር ነገር ሁሉ ወደዚያው ይመልሰዋል። ቤተሰብ ሊያደርግ የሚችለው ጠቃሚ ነገር ሰውየውን ሳያገልል ሽፋኑን ማንሣት ነው፦ ዕዳውን አለመክፈል፣ ስለ እርሱ አለመዋሸት፣ ወደ ሕክምና ለመሄድ ሲስማማ ግን አብሮ መሄድና ማስታመም።

ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ቅምሻ በማዘግየት ብቻ ብዙ ጉዳት ያስቀራል፤ በለጋ ዕድሜ የሚጀመር ነገር ሥር የሚሰደው ፈጥኖ ነውና። ማስፈራሪያ የተሞላበት ትምህርት በአካባቢው ጤነኛ ቃሚዎችን በሚያይ ተማሪ ዘንድ አመኔታ ያጣል። አሠራሩን በትክክል የሚያስረዳ ትምህርት፣ የስፖርት ሜዳና የንባብ ክበብ፣ ለጭንቀቱ የሚያዳምጠው መምህር ያለው ተማሪ የተሻለ ይጠበቃል። የመንግሥት ድርሻ ደግሞ መቃሚያ ቤቶችን ከትምህርት ቤቶች ማራቅ፣ ከጫት ከሚሰበሰበው ግብር ለሕክምናና ለመከላከል መመደብ፣ ገበሬው ወደ ሌላ ሰብል መመለስ ሲፈልግ ገበያና ውሃ ማመቻቸት ነው።

ሱስ በአንጎል ውስጥ የሚጸና፣ በዘርና በኑሮ ሁኔታ የሚታገዝ፣ ሊታከምም የሚችል የጤና እክል ነው። የያዘው ሰው ለመዳን የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ይሁን እንጂ ሱስ መጀመሪያ የሚያዳክመው ይህንኑ ፈቃድ ስለሆነ፣ እስኪጠነክርለት ድረስ የሚደግፈው ቤተሰብ፣ ሐኪምና ማኅበረሰብ ሊኖረው ይገባል።